ከቀለሙ በፊት ገጹ

መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ሲከፈት የሥዕል መምህር ከግዥ ክፍል የሚቀርብለት ጥያቄ ዘወትር አንድ ነው፤ «ለዘንድሮ ስንት ሣጥን ቀለም ይገዛ?» የሚል። «ተማሪዎቹ በምን ላይ ይሥላሉ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት አላጋጠመንም። መምህሩም ቢሆን በግዥው ዝርዝር አናት ላይ የሚጽፈው ቀለሙን ነው፤ ወረቀቱን ወይም ጣውላውን ገንዘብ ከተረፈ ብሎ ከታች ያስገባዋል። ሥዕል ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረውን መንገድ ስንመረምር ነገሩን የተገላቢጦሽ ሆኖ እናገኘዋለን። የቀድሞ ሠዓሊዎች ከጊዜያቸውና ከድካማቸው ብዙውን ያዋሉት ቀለሙ የሚያርፍበትን ገጽ በማዘጋጀት ላይ ነበር፤ ቀለሙም የሚመረጠው ገጹ ከታወቀ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ እዚህ የምናቀርበው ለአድናቆት ብቻ ሳይሆን ዛሬ በክፍላችን ለምናደርገው ምርጫ በቀጥታ ስለሚያገለግል ነው። (እ.ኤ.አ. ተብሎ ያልተጻፈው ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ይረዱልን።)

ከብራና እንጀምር። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ብራና እስኪሆን ድረስ ያለው ሥራ የሳምንት ሥራ ነው። ቆዳው በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በገመድ ይወጠራል፤ ሥጋና ስቡ በስለት ይፋቃል፤ ቀዳዳ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይታሻል፤ ፀሐይ ይመታዋል፤ በኋላም ጠጉሩ ይላጫል። እዚህ ላይ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ብራና እንደ ጫማ ቆዳ አልተለፋም፤ ተወጥሮ ደረቀ እንጂ። ስለዚህ ብዙ ውሃ ሲነካው ወደ ተፈጥሮው ለመመለስ ይሞክራል፤ ይኮማተራል፤ ይሸበሸባል። በገድልና በተአምር መጻሕፍት ላይ የምናያቸው ሥዕሎች በጥቁር መስመር ተከብበው በውስጣቸው ያለ ብዙ መበራረዝ በአንድ ወጥ ቀለም የተሞሉት በሠዓሊው ልማድና በሥርዓቱ ምክንያት ብቻ አይመስለንም። በብራና ላይ ውሃ አብዝቶ ቀለምን ከቀለም ማፋሰስ አይቻልም። ቀለሙን ማወፈርም አይቻልም፤ መጽሐፉ በተገለጠና በተከደነ ቁጥር ቅጠሉ ስለሚታጠፍ የወፈረው ቀለም ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ሠዓሊው እጁን ያሠለጠነው በገጹ ጠባይ ነው ማለት ነው።

ቀለም ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። ማናቸውም የሥዕል ቀለም ከሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው መልኩን የሚሰጠው ዱቄት ነው፤ ሁለተኛው ዱቄቱን እርስ በርሱና ከገጹ ጋር የሚያጣብቀው ማያያዣ ነው። የደብተራው ጥቁር ቀለም ዱቄቱ ጥላሸት ወይም አርሮ የተፈጨ እህል ነው፤ ማያያዣው የግራር ሙጫ ነው። ያው ጥላሸት በተልባ ዘይት ቢለወስ የዘይት ቀለም፣ በእንቁላል አስኳል ቢለወስ ቴምፔራ፣ በዘመናዊ ፕላስቲክ ቢለወስ አክሪሊክ ይሆናል። ዱቄቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ማያያዣው ነው፤ ከየትኛው ገጽ ጋር እንደሚስማማም የሚወስነው እሱ ነው። ተማሪ ይህችን አንዲት ነገር ከጨበጠ የሱቅ ሻጭ አያታልለውም።

የጥንቶቹ ዱቄቶች ከየት መጡ? ቀይና ቢጫ አፈር፣ ከሰል፣ ነጭ ጀሶ ከአገር ይገኛሉ። ነገር ግን አሮጌ የብራና ሥዕሎችን በመሣሪያ የመረመሩ ሊቃውንት ከባሕር ማዶ በንግድ የመጡ ዱቄቶችንም አግኝተዋል። ደማቁ ቀይ ብዙ ጊዜ ከሜርኩሪና ከድኝ የተሠራው ቬርሚሊዮን ነው፤ ወርቅ የሚመስለው ቢጫ አርሴኒክ ያለበት ኦርፒመንት የሚባል ማዕድን ነው፤ ሰማያዊው ደግሞ ኢንዲጎ ከተባለው ተክል የሚወጣ ነው። ቢጫውና ሰማያዊው ተደባልቀው አረንጓዴ የሆኑበትም ሥዕል አለ። ሜርኩሪም አርሴኒክም መርዝ ናቸው። ዛሬ ብሩሹን በከንፈሩ የሚያሾል ተማሪ ባየን ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለናል።

ከብራና ወደ ጣውላ ስንሻገር ገጹ ጠንከር ይላል፤ ዝግጅቱ ግን ይበዛል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የሠራው ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘውን ትልቅ የእመቤታችንን ሥዕል በጣውላ ላይ ሥሏል። በዚያው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሰው መጥቶ ለብዙ ዓመታት በአገራችን በሠዓሊነት ኖሯል። የዚያ ዘመን ጣውላዎች በባዶአቸው አይሣልባቸውም ነበር። እንጨት ይጠጣል፤ ይነፋል፤ ይሸማቀቃል። ስለዚህ ነጭ ጀሶ በሙጫ ተለውሶ በላዩ ይቀባል፤ ሲደርቅ ይለሰልሳል፤ ሥዕሉ የሚያርፈው በዚህ ነጭ ልባስ ላይ ነው። ልባሱ የቀለሙን ማያያዣ በልኩ ይመጣል፤ ከሥርም ነጭ ሆኖ ቀለሙን ያበራዋል።

መቼም «ጀሶ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ግንበኛ በአገራችን የለም። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በጣሊያን ሠዓሊዎች ዘንድም የጣውላ ሥዕል የሚያርፍበትን ይህንኑ ነጭ ልባስ ያመለክታል። አናጢ «ኮላ» የሚለውም እንዲሁ የጣሊያንኛ ሙጫ ነው። የሥዕል ክፍል የሚፈልጋቸው ሁለቱ ዋና ነገሮች በየመንደሩ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ስማቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ እኛ ግን ከውጭ የሚመጣ ነጭ ቅብ በቆርቆሮ እስኪገዛልን እንጠብቃለን።

አሁን ወደ ግድግዳ እንሂድ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። በጥንቶቹ የላሊበላና የትግራይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ በዐለቱ ወይም በልስኑ ላይ በቀጥታ ተሠርቷል። በጎንደር ዘመንና ከዚያ በኋላ በተሠሩት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግን ሌላ ዘዴ ተስፋፋ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የጥጥ ጨርቅ በሙጫ ይለጠፋል፤ ጨርቁ በነጭ ይቀባል፤ ሥዕሉ በዚያ ላይ ይሠራል። ምክንያቱን ለመረዳት የጭቃ ቤት የሠራ ሰው መጠየቅ ይበቃል። የጭቃ ልስን በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት እርጥበት ይስባል። ጨርቁ ስንጥቁን ይሸፍናል፤ ግድግዳው ትንሽ ቢንቀሳቀስ ሥዕሉ አብሮ አይቀደድም። ሠዓሊው ጨርቁን በቤቱ ሥሎ ጨርሶ በኋላ ሊለጥፈውም ይችላል። ብልህ ዘዴ ነው። ዛሬም አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ በሸራ ሥሎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው።

ይሁን እንጂ በሙጫ የተለጠፈ በውሃ ይላቀቃል። ይህም በጎንደር በ17ኛው ምዕት ዓመት በተሠራው በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ላይ በደረሰው ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ያቋረጠው፣ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ጓድ በ1932 ጎንደር ሰፍሮ ነበር። ግሪዮል የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕሎች በመበላሸት ላይ መሆናቸውን ምክንያት አድርጎ በምትካቸው አዲስ ቅጂ አሠርቶ ለመስጠት ተስማማ። ቅጂውን የሣለው ከጓዱ ጋር የመጣው ጋስቶን ሉዊ ሩ ነበር። የጥንቶቹ ሥዕሎች ከግድግዳው ተላቀው ተጠቀለሉና ወደ ፓሪስ ተጓዙ፤ ዛሬም በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የጓዱ ጸሐፊ የነበረው ሚሼል ሌሪስ ጓዱ በየአገሩ ዕቃ የሰበሰበበትን መንገድ የራሱን ጓዶች ሳይምር እ.ኤ.አ. በ1934 በታተመው የጉዞ ማስታወሻው ጽፏል።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ባነሣን ቁጥር ተማሪዎች የሚጠይቁን አንድ ነው፦ «ስርቆት ነው ወይስ ግዥ?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ይውሰደው። እኛ ግን ለሥዕል ክፍል የሚሆን ሌላ ጥያቄ እንጨምርበታለን። እነዚያ ሥዕሎች በልስኑ ላይ በቀጥታ ቢሣሉ ኖሮ ከግድግዳው ጋር ካልፈረሱ በቀር በቀላሉ አይሄዱም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ልስኑ በክረምት ዝናብ ሲረግፍ አብረው ይረግፉ ነበር ይሆናል። ጨርቁ ለሥዕሉ ዕድሜ ሰጠው፤ እግርም ሰጠው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለበት ሠዓሊ የሚመርጠው ገና ብሩሽ ሳያነሣ ነው።

ወደ 19ኛው ምዕት ዓመት ስንገባ ለውጡ ከገጹ ወደ ቀለሙ ይዞራል፤ ስለዚህ ፈጠን ብለን እናልፈዋለን። ከአፍጋኒስታን ተራራ ይመጣ የነበረው ውድ ሰማያዊ ዱቄት፣ አልትራማሪን፣ በፋብሪካ የሚሠራበትን መንገድ ላገኘ ሰው በፈረንሳይ ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዣን ባፕቲስት ጊሜ እ.ኤ.አ. በ1828 ተሸለመ። ከዚያ በኋላ ይህ ሰማያዊ ርካሽ ሆነ፤ ነጭ ልብስ ለማድመቅ እስኪታጠብበት ድረስ። ቀድሞ የዘይት ቀለም የሚቋጠረው በአሳማ ፊኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን ጎፍ ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ከቆርቆሮ የተሠራውን ቱቦ በስሙ አስመዘገበ። ሠዓሊ ከዚያ ወዲህ ቀለሙን መፍጨትና መለወስ ተወ። እጁ ከሥራው ግማሽ ያረፈው ያኔ ነው፤ የቀለሙን ጠባይ መርሳት የጀመረውም ያኔ ይመስለናል።

በአገራችን በአውሮፓ ስልት የዘይት ቀለምን ከተማሩት ቀደምት ሠዓሊዎች አንዱ በፓሪስ የተማረው አገኘሁ እንግዳ ነው። በኋላም በአሜሪካ ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ፤ ዛሬ ትምህርት ቤቱ በስማቸው ይጠራል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም አካል ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪው ሸራ ወጥሮ፣ ሙጫ ቀብቶ፣ ነጭ ደርቦ መነሣትን ይማራል። በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን የደረሰው የዘይት ቀለሙ ዝና ብቻ ነው፤ የዝግጅቱ ትምህርት መንገድ ላይ ቀረ።

የቀረውም በእኛም እጅ ነው። በአንድ ከተማ ስናስተምር ጥሩ እጅ ያለው ተማሪ ነበረን። ስሙን አንጠራም። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ሊወስድ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሥል ቆየ። ወረቀት ስላልነበረ የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጠን ሰጠነው፤ ቀለምም ስላልነበረ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በር የሚቀባበትን ቀለም ገዛንለት። ወረቀቱ በባዶው ነበር። ሥዕሎቹ ሲያልቁ ያምሩ ነበር፤ በየጊዜው እየጠቀለለ ከቤቱ ጣራ ሥር ያስቀምጣቸው ነበር። ለጉዞ ሲነሣ ከእኛ ፊት ዘረጋቸው። ዘይቱ ወደ ወረቀቱ ገብቶ በየሥዕሉ ዙሪያ የቅባት ጥላ ሠርቷል፤ ወረቀቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኗል፤ ቀለሙ በጥቅሉ መስመር ተሰነጣጥቋል። ከ14ቱ ሥዕሎች ሊታዩ የሚችሉት 3 ነበሩ። ልጁ አንድም ቃል አልተናገረን። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አላጣነውም።

ምን መደረግ ነበረበት? የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም አይደርቅም። ውሃው ተንኖ ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። በዚህ ሂደት ውስጥ ያለ ዘይት ወረቀትን ወይም ጥጥን በቀጥታ ከነካ ጭረቱን ያቃጥለዋል፤ ያደርቀዋል። በአውሮፓ ሸራ በሙጫ የሚቀባው ለዚህ ነው፤ በዘይቱና በጨርቁ መካከል ግድግዳ ለማቆም። አንድ እጅ ኮላ በአንድ እጅ ውሃ አቅጥነን በዚያ ከረጢት ወረቀት በሁለቱም ፊት ቀብተን፣ ወረቀቱንም ሳንጠቀልል በጣውላ ላይ ለጥፈን ቢሆን ኖሮ የልጁ ድካም ዛሬም በታየ ነበር። ወጪው ከአንድ ደብተር ዋጋ አይበልጥም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ማስጠንቀቂያ ጣል እናድርግ። በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ «የዘይት ቀለም» የሚባለው በርና መስኮት የሚቀባበት፣ በአኳራጅ የሚቀጥነው የሚያብረቀርቅ ቀለም ነው፤ በቱቦ የሚሸጠው፣ በተልባ ዘይት የተለወሰው የሠዓሊ ቀለም አይደለም። እንደዚሁ «የውሃ ቀለም» ለግንበኛው የግድግዳ ቀለም፣ ለተማሪው በትንሽ ሣጥን ያለው የወረቀት ቀለም ነው። የግዥ ክፍሉ ሠራተኛ ሥዕል አልተማረምና በዝርዝሩ ላይ ስሙን ብቻ ጽፈን ብንልክ የሚመጣልን እንደ ዕድላችን ነው።

የበር ቀለም ግን ሁልጊዜ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ከጎረቤቶቻችን አንዱን ምሳሌ እንውሰድ። ኤድዋርድ ሰይዲ ቲንጋቲንጋ የተባለው የታንዛንያ ሰው እ.ኤ.አ. በ1968 ገደማ በዳሬሰላም መሣል ሲጀምር ሸራም የቱቦ ቀለምም የመግዛት አቅም አልነበረውም። ማሶናይት የሚባለውን ተጠቅጥቆ የተሠራ ስስ የእንጨት ገበታ በአራት ማዕዘን እየቆረጠ ብስክሌት በሚቀባበት ኢናሜል ቀለም እንስሳትንና አዕዋፍን ሣለበት። እ.ኤ.አ. በ1972 ፖሊሶች በስህተት ተኩሰው ሲገድሉት የሥራ ዘመኑ ገና አራት ዓመት ገደማ ነበር፤ ነገር ግን ዘመዶቹና ተማሪዎቹ ቀጠሉበትና ዛሬ ስልቱ በስሙ ይጠራል። ልብ እንበል፤ የቲንጋቲንጋ ገበታ ጠንካራ ነው፤ አይታጠፍም፤ አይጠቀለልም። ኢናሜሉም የተሠራው ለጠንካራ ነገር ነው። ያው ቀለም በእኛ ተማሪ ወረቀት ላይ ረገፈ፤ በዳሬሰላም ገበታ ላይ ግን ጸና። ወፍራምና ደማቅ ወጥ ቀለሙ፣ ጥርት ያለው የመስመሩ ጫፍ ሁሉ ከዚያ ልስልስ ገበታና ከዚያ የሚያብረቀርቅ ቀለም ጋብቻ የተገኘ ነው።

የኢናሜል ሌላው ጉዳይ ጤና ነው። በየአገሩ ለብዙ ዘመን ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንና ቀይ የበር ቀለሞች እርሳስ ከሚባለው ብረት በተሠራ ዱቄት ይሠሩ ነበር። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተገዛ አሮጌ ቆርቆሮ ግን በብዙ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ዓመቱ የማይታወቅ የበር ቀለም ለተማሪ አይሰጥ፤ አሮጌ የተቀባ ጣውላም ለሥዕል ብሎ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ፤ አቧራው ከቀለሙ የከፋ ነው።

ገጹን እንደ ጓደኛ የመረጠ አንድ ኢትዮጵያዊም እናንሣ። እስክንድር ቦጎሲያን (እ.ኤ.አ. 1937–2003) በአውሮፓ ቆይቶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ሸራ በየሱቁ በሞላበት አገር ተቀምጦ በፍየል ቆዳና በዛፍ ልጥ ጨርቅ ላይ ይሠራ ነበር። የልጥ ጨርቅ በኡጋንዳ የቡጋንዳ ሰዎች ሙቱባ ከሚባለው ዛፍ ቅርፊት በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ የሚሠሩት ቀይ ቡናማ ጨርቅ ነው፤ ዩኔስኮም ሙያውን ከዓለም ቅርሶች መካከል ቆጥሮታል። የጨርቁ መልክ ራሱ ቀለም ስለሆነ ሠዓሊው ብዙ መቀባት አያስፈልገውም። እስክንድር በቆዳና በልጥ የሠራው ከድህነት ሳይሆን ከምርጫ ነው፤ ለዚህም ነው «ሸራ ስለሌለን ነው» ለሚሉ ተማሪዎች ስሙን የምንጠራላቸው።

ስለ አክሪሊክ ሳንናገር ብናልፍ ወጣት መምህራን አይምሩንም። አክሪሊክ ማያያዣው ፕላስቲክ የሆነ ቀለም ነው። በውሃ የሚቀጥነው ዓይነት በአሜሪካ ለሠዓሊዎች ገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። እርጥብ ሳለ በውሃ ይቀጥናል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ አያሟሟውም። በወረቀት፣ በካርቶን፣ በጨርቅ፣ በእንጨት፣ በልስን ላይ ይይዛል፤ ወረቀቱንም እንደ ዘይት አያቃጥልም። ለክፍል የሚሆን ቀለም አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል እሱን እንመርጣለን። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ዋጋው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ብሩሽ ሳይታጠብ ለአንድ ሰዓት ከተተወ ብሩሹ እንጨት ይሆናል፤ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ደወል ሲደወል ምን እንደሚሆን የሚያስተምር ሁሉ ያውቀዋል። በዘይት ቀለም በተሠራ ገጽ ላይም አይደረብ፤ ይላጣል። በአክሪሊክ ላይ ዘይት መደረብ ግን ይቻላል።

እኛ በመጨረሻ የደረስንበት አሠራር ይህ ነው። ከዓመቱ ገንዘብ መጀመሪያ የምንገዛው ኮላ ነው። የእንጨት ሥራ ክፍሉ የሚጥለውን የኮምፔንሳቶና የሃርድቦርድ ቁራጭ እንለምናለን። በጥቁር ሰሌዳው ሥር በየቀኑ የሚጠራቀመውን የጠመኔ ስባሪ ተማሪዎች አድቅቀው በወንፊት ይነፉታል፤ አቧራው እንዳይቦንና እንዳይተነፍሱት ጥቂት ውሃ ይርከፈከፍበታል። ኮላው በእኩል ውሃ ይቀጥንና ጠመኔው እንደ እርጎ እስኪወፍር ይጨመርበታል። በመጀመሪያ ባዶ የኮላ ውሃ በሁለቱም ፊት ይቀባል፤ በአንድ ፊት ብቻ የተቀባ ገበታ ሲደርቅ ይጎብጣልና። ቀጥሎ ነጩ ሦስት ጊዜ ይደረባል፤ አንዱ በቁም፣ ሁለተኛው በአግድም፣ ሦስተኛው እንደገና በቁም። ከደረቀ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ይለሰልሳል። ይህ ሁሉ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ተማሪ ሥዕል ሊማር መጥቶ ግንበኛ አደረጋችሁት» ብለውናል። የፍሬ ጽዮን ደቀ መዝሙር ቢሆን የሚጀምረው ከዚሁ ነበር እንላቸዋለን።

በዚያ ነጭ ገበታ ላይ የሣጥን የውሃ ቀለምም፣ የፖስተር ቀለምም፣ አክሪሊክም ያርፋሉ። ለ11ኛ ክፍል ከዚህ በተጨማሪ በዓመት አንድ ቀን የቀለም መለወስ ቀን አለን። ተማሪው ከቤቱ አካባቢ ቀይ ወይም ቢጫ አፈር ያመጣል፤ በውሃ አጥልሎ አሸዋውን ይለያል፤ አድርቆ ይፈጨዋል። ከዚያ የአንድ እንቁላል አስኳል ሽፋኑ ተወግቶ ይወጣል፤ በጥቂት ውሃ ይመታል፤ በአፈሩ ይለወሳል። ከመቱ ገጠር የመጣ ተማሪ አፈርና ከደሴ የመጣው ጎን ለጎን ሲቀቡ የሚታየውን የቀይ ዓይነት በየትኛውም የቱቦ ሣጥን ውስጥ አላገኘነውም።

አንድ ነገር ደግሞ በየዓመቱ በመስከረም እናደርጋለን። በክፍሉ ያለውን ቀለም ሁሉ፣ የፋብሪካውንም የአፈሩንም፣ በአንድ ረጅም ነጭ ገበታ ላይ በመስመር እንቀባለን፤ የገበታውን እኩሌታ በጥቁር ወረቀት ሸፍነን ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ እንሰቅለዋለን። ወረቀቱ የሚነሣው በግንቦት ነው። ባለፈው ጊዜ ስንገልጠው የእስኪሪፕቶው ሐምራዊና የርካሹ ሣጥን ሮዝ በፀሐይ በኩል ፈጽመው ጠፍተው ነበር፤ ሰማያዊው ትንሽ ደብዝዟል፤ የጥላሸቱ ጥቁርና የአፈሩ ቢጫ ግን የተሸፈነው ከየት ጀምሮ እንደሆነ እንኳ አይታወቅባቸውም። አንዲት ተማሪ ጣቷን በሮዙ ቦታ ላይ አሳርፋ ቆየችና የእናቷን ሥዕል የሣለችው በዚያ ቀለም እንደሆነ ነገረችን። እንደገና ለመሣል ገበታ ሰጠናት፤ ቀይ አፈሩን ራሷ ይዛ መጣች።